ሳይገባቸው የገቡ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህ ጽሑፍ ስለ ካሊፎርኒያ ነው። ስለ ካሊፎርኒያ ብቻ። ከካሊፎርኒያ ወዲህ የሚገኝ ማንኛውም ፓርቲ፣ ማንኛውም የምርጫ አስፈጻሚ፣ ማንኛውም የወረዳ ካድሬ መልኩን እዚህ ውስጥ ያየ ከመሰለው መልከ ሞክሼ አይቶ ነው እንጂ እኔ ስለ እሱ አልጻፍሁም። በመስመርና በመስመር መካከል የተደበቀ ነገር የሚፈልግ አንባቢም ልፋቱ ከንቱ ነው። እዚያ ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ እስከ ዛሬ ማንንም አላስከሰሰም።

እንግዲህ ካሊፎርኒያ ውስጥ በአባል ብዛት ከዲሞክራቶችና ከሪፐብሊካኖች ቀጥሎ ሦስተኛውን ደረጃ የያዘ አንድ ፓርቲ አለ። አሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ አባል በመዝገብ ነበረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ብጽፍ ሌላ ምርጫ ይመስልብኛል።)

ግማሽ ሚሊዮን አባል እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። ሊቀ መንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ሒሳብ ሹሙም አንድ ሰው የሆነበት፣ ጠቅላላ ጉባኤውን በአንድ ሚኒባስ ጭኖ ወንበር የሚተርፈው ፓርቲ በዓለም ላይ ስንቱ ነው! ይኸኛው ግን ግማሽ ሚሊዮን። ይህን ያህል ሠራዊት ያሰለፈ ፓርቲ ፕራይመሪ በሚሉት ቅድመ ምርጫ ስንት ድምፅ አገኘ? በየአካባቢውስ ውጤቱ ምን መሰለ? ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው። እኔም ይህን ጠይቄ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት።

መልሱ ይቆየን፤ መጀመሪያ ስለ አባላቱ እናውራ። በዚያው በ2016 በሚያዝያ ወር ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የፓርቲው አባል ተብለው ከተመዘገቡት መካከል 500 ሰው ተጠይቆ የተገኘውን መልስ አወጣ። ከመቶው 73ቱ የየትኛውም ፓርቲ አባል አይደለንም ብለው የሚያምኑ ሆነው ተገኙ። የዚህ ፓርቲ አባል መሆኑን አውቆ በትክክል የተናገረው ከመቶ አራት አይሞላም።

ልብ በሉ፤ እነዚህ ሰዎች ፓርቲውን አልከዱትም። አልተቃወሙትም፣ ጥለውት አልወጡም፣ አንጃም አልፈጠሩም። አያውቁትም፤ በቃ። የአባልን ታማኝነት በዚህ ደረጃ ጠብቆ ማቆየት የቻለ ድርጅት እኔ እስከማውቀው የለም። የማያውቅህ ሰው በምን ይቀየምሃል?

ምክንያቱ ስሙ ነው። አሜሪካኖች «ኢንዲፔንደንት» የሚሉት ከፓርቲ ወገን ያልሆነውን፣ በራሱ የቆመውን ሰው ነው። ሰውዬው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ይሄዳል፤ እግረ መንገድህን ለምርጫም ተመዝገብ ተብሎ ቅጽ ይሰጠዋል። የፓርቲዎቹ ስም በፊደል ተራ ሲደረደር «አሜሪካን ኢንዲፔንደንት» ከሁሉም በፊት ይመጣል። ፓርቲ የማይፈልግ ሰው ምልክት ማድረግ የነበረበት ግን ሌላ ቦታ፣ «የምመርጠው ፓርቲ የለኝም» በሚለው ላይ ነው። ወረፋ ያሰለቸው፣ ፎቶ ለመነሳት ጸጉሩን የሚያስተካክል ሰው ይህን ሁሉ አያነብም። «ነጻ ነኝ» ያለ መስሎት ምልክቱን ያደርግና አባል ሆኖ ይወጣል።

ለመንጃ ፈቃድ ገብቶ የፓርቲ አባል ሆኖ መውጣት እንግዲህ የካሊፎርኒያ ጉድ ነው። እኛ ዘንድ ለመታወቂያ የተሰለፈ መታወቂያ፣ ለዘይት የተሰለፈ ዘይት፣ ለማዳበሪያ የተሰለፈ ማዳበሪያ፣ ለሥራ የተሰለፈ ሥራ ብቻ ይዞ ነው የሚመለሰው። እግዚአብሔር ይመስገን።

ከመዝገቡ ውስጥ የተገኙት ስሞች ደግሞ የጉድ ናቸው። የፊልም ተዋናዮቹ ኤማ ስቶንና ዴሚ ሙር አሉበት። የቦክስ ጀግናው ሹገር ሬይ ሌናርድም አለበት። በስህተት ነው ተባለ እንጂ ፓርቲው በእነዚህ ሰዎች የመጀመሪያውን የፊልም ፌስቲቫል ቢያዘጋጅ ያምርበት ነበር። የሌናርድን ስም እዚያ ማየት ግን ሳቅ ብቻ አይደለም። ይህ ፓርቲ በ1967 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ጆርጅ ዋላስ በ1968 ለፕሬዝዳንትነት እንዲወዳደር ነው። ዋላስ የአላባማ አገረ ገዥ ሳለ በ1963 ጥቁር ተማሪዎች እንዳይገቡ የዩኒቨርሲቲውን በር ራሱ ቆሞ የዘጋ ሰው ነው። ዘርን ከዘር መለየትን መፈክሩ አድርጎ በአምስት የደቡብ ግዛቶች አሸንፏል። ግማሽ ምዕት ዓመት ሊሞላው ሲል ጥቁሩ ቦክሰኛ በዚያ በር ሳያውቀው ገብቶ ተገኘ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የፓርቲን ስም ግን መልአክ ያውጣው ጠበቃ እርግጠኛ መሆን ያስቸግራል። «ነጻ» የሚለው ከስሙ ላይ ሲንጠለጠል፣ «ዲሞክራሲያዊ» የሚለው ከፊቱ ሲቀድም፣ «አንድነት» የሚለው ከኋላ ሲከተል እንደየአገሩ ነው። የካሊፎርኒያው «ነጻ» ነው።

አሁን ወደ አንድ ጋሼ ልውሰዳችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከተማዋ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብላ በሰየመችው በፌርፋክስ መንገድ ሰፈር ቡና ከሚጠጡት አንዱ ናቸው። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ነው። ለምን እንደወጡ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፤ «አባል ሁን ስላሉኝ።» ዜግነት አግኝተው፣ ለምርጫ ተመዝግበው፣ የየትኛውም ወገን ሳይሆኑ እየኖሩ እንዳለ የጋዜጣውን ወሬ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ቢያስፈልጉት፣ አሉበት።

«ከኢሠፓ አምልጬ፣ የሱዳንን በረሃ በእግሬ አቋርጬ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ውስጥ ተያዝሁ!» አሉኝ በስልክ። እየሳቁ ነበር፤ የሚስቁት ግን በአፍንጫቸው ነው።

«ታዲያ ምን አሉዎት ጋሼ፣ የፓርቲው ሰዎች? ደብዳቤ ጻፉልዎት? ስብሰባ ጠሩ?»

«ምንም! አባል ነህ ያለኝም የለም፣ አባል አይደለህም ያለኝም የለም። እኔ ራሴ ነኝ ራሴን ያጋለጥሁት።»

ከሁሉ ያበሳጫቸው ግን ይህ አልነበረም። በዚያ ዓመት ዲሞክራቶቹ ሂላሪ ክሊንተንንና በርኒ ሳንደርስን እያሰለፉ ነበር፤ ጋሼ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ብርቱ አስተያየት ነበራቸው። (በየትኛው እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ድምፅ ሚስጥር ነው።) የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ይላል፤ ፓርቲ የለኝም ያለ ሰው ዲሞክራቶቹ ስለፈቀዱለት የእነሱን የምርጫ ወረቀት ጠይቆ መውሰድ ይችላል። የሌላ ፓርቲ አባል የሆነ ግን የራሱን ፓርቲ ወረቀት ብቻ ነው የሚያገኘው። ስለዚህ በትክክል ገለልተኛ የሆነው ሰው ትልቁን ድግስ ሲታደም፣ ገለልተኛ የሆኑ የመሰላቸው ጋሼ የማያውቋቸው ሰዎች ስም የሰፈረበት ወረቀት በፖስታ መጣላቸው። ከፍተው አዩት፤ መልሰው አጠፉት።

ወሬው ቡና ላይ ሲነሳ አንድ የቅኔ ቤት ሰው አጠገባቸው ነበሩና ጋሼን እያዩ እንዲህ አሉ፦

ደጁን ሳይረግጠው ስሙ ገባና፣
አባል ተባለ ሳይገባው ገና።

ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ትርጉሙን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልፈቱልኝም። ስልኩ ላይ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፣ ከዚያ ስለ ቡና ዋጋ አወራን።

ወደ ውጤቱ። ቅድመ ምርጫው የተደረገው ጁን 7 ቀን 2016 ነበር። በአሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ ወረቀት ላይ ለፕሬዝዳንት ከተወዳደሩት መካከል አንደኛ የወጣው አለን ስፒርስ የሚባል ሰው ነው። ያሸነፈው በጥቂት ሺህ ድምፅ ነው። ሚሊዮን አይደለም፣ መቶ ሺህም አይደለም፤ ጥቂት ሺህ። ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ደምረን ብናስቀምጣቸው እንኳ ከአባሉ ብዛት ጋር ሲተያይ ግማሽ ሚሊዮኑ የት ሄደ ያሰኛል። የት ይሄዳል፣ ቤቱ ነው ያለው። ለአባልነቱ ያልጠሩት ሰው ለድምፁ ቢጠሩት ከየት ይመጣል? በመዝገብ የበዛ አባል በሳጥን ማነሱን ለማስረዳት የፖለቲካ ሳይንስ አያሻም፤ ስብሰባ ላይ ስም ጠሪ ሆኖ የሠራ ማንኛውም ሰው ያውቀዋል።

አቶ ስፒርስ ግን አሸነፈ። አሸናፊ አሸናፊ ነው፤ በሕዝብ ድምፅ የተገኘ ድል በጥቂትም በብዙም ክቡር ነው። ይህን የምላችሁ ቀጥሎ የሚመጣውን እንድትታገሡት ነው። ኦገስት ላይ የፓርቲው መሪዎች ተሰበሰቡና እጩያችን ዶናልድ ትራምፕ ነው አሉ። ትራምፕ በዚያ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ አልተወዳደረም፤ እሱ የሪፐብሊካኖች ነው። ኖቬምበር ላይ የካሊፎርኒያ መራጭ በወረቀቱ ላይ ያየው ግን ከትራምፕ ስም አጠገብ የሪፐብሊካንና የአሜሪካን ኢንዲፔንደንት ስም ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው። አቶ ስፒርስስ? ቅድመ ምርጫው ለፕሬዝዳንት እጩነት ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ የመጨረሻው ቃል የመሪዎቹ ነው። መራጩ መረጠ፣ መሪዎቹም መረጡ፣ የመሪዎቹ ተመረጠ።

ይህን ያነበበ የዋህ ሰው «እንዴት እንዲህ ይደረጋል?» ሊል ይችላል። እኔ የምመልስለት የለኝም። በካሊፎርኒያ ያለው ሕግ ይፈቅዳል፤ ሕግ ከፈቀደ ደግሞ የሰው ፊት ማየት ምን ይሠራል?

የአካባቢ ውጤቶቹን ለማየት ስነሳ ደግሞ ያልጠበቅሁት ጣፋጭ ነገር አገኘሁ። ካሊፎርኒያ 58 ካውንቲዎች አሏት። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ብቻዋን ወደ አስር ሚሊዮን ሰው ይዛለች። በሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ያለችው አልፓይን ካውንቲ ግን ሕዝቧ ወደ 1,200 ነው፤ በሕግ ከተማ ተብሎ የተቋቋመ አንድ እንኳ የላትም። የትልቅ ፓርቲ ውጤት በየካውንቲው፣ ከዚያም በየምርጫ ጣቢያው ቢበተን አሁንም ውጤት ነው። የትንሽ ፓርቲ ውጤት እንዲህ ሲበተን ሰው ይሆናል። እዚህ ጣቢያ ሦስት ሰው፣ እዚያኛው አንድ፣ ወዲያ ማዶ ባዶ። ቁጥሩ ከማነሱ የተነሣ መልክና ጎረቤት ሊኖረው ምንም አይቀረው።

መቶኛው ግን አያፍርም። ሁለት መራጭ ያለበት ጣቢያ ተስማምተው ከመጡ መቶ በመቶ ነው፤ ጧት ተጣልተው ከመጡ ሃምሳ በሃምሳ። አንድ መራጭ ያለበት ጣቢያ ከራሱ ጋር ካልተጣላ በቀር ሁልጊዜ መቶ በመቶ ነው። እኔ ድሮ መቶ በመቶ ማሸነፍ እጅግ ከባድ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ብዙ ሥራ፣ ብዙ ፍቅር፣ ብዙ መንገድና ብዙ ድልድይ የሚጠይቅ። የካሊፎርኒያን የውጤት ሠንጠረዥ እያሰላሁ ሳይ ግን ቀላል መሆኑ ታየኝ። መራጩን ማብዛት ሳይሆን ማሳነስ ነው። መራጩን ማሳነስ ካልተቻለ ተወዳዳሪውን ማሳነስ ይበቃል። ይህን ለማግኘት የሒሳብ ሊቅ አያስፈልግም፤ አንዳንዶች ያለ ሒሳብ ሊቅም ደርሰውበታል።

ማስረጃ የሚወድ አንባቢ ካለ የ2024ቱን እነሆ። በዚያ ዓመት ማርች ላይ በተደረገው ቅድመ ምርጫ በፓርቲው የፕሬዝዳንት ወረቀት ላይ የታተመው ስም አንድ ብቻ ነበር፤ ጄምስ ብራድሊ። ማን እንዳሸነፈ መገመት ለእናንተ ትቼዋለሁ። ሁለት ወር እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ ኤፕሪል ሊያልቅ ሲል፣ ሮበርት ኬኔዲ ትንሹ የአሜሪካን ኢንዲፔንደንት ፓርቲ እጩ ሆኖ ካሊፎርኒያ ወረቀት ላይ መግባቱ ተነገረ። ተወዳዳሪ ያልነበረው ሰው በዚህ ተሸነፈ። ሰው ብቻውን ሮጦ ሁለተኛ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ በፊት ሰምቼ ነበር፤ ስፖርት መስሎኝ ነበር እንጂ።

አንድ መራጭ ባለበት ጣቢያ አንድ ሌላ ችግርም አለ፤ ሰውዬው ማንን እንደመረጠ ይታወቃል። በመዝገብ አንድ የፓርቲው አባል ያለው መንደር፣ በሳጥን አንድ ድምፅ ከወጣ ሚስጥሩ ምኑ ላይ ነው? ደግነቱ ካሊፎርኒያ ነው። ማታ መጥቶ በሩን የሚያንኳኳ፣ «ያቺ አንዷ ያንተ ናት አይደል?» የሚል የለም። አምስት ሰው እንዲጠብቅ የተመደበ አንድ ሰውም የለም። ስለዚህ ድምፁ ቢታወቅም ሰውዬው እንቅልፉን ይተኛል። የምርጫ ሚስጥራዊነት ማለት ምስጢሩ አለመውጣቱ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ወጥቶም ምንም አለመምጣቱ ነው።

ስለ ሌሎች የምርጫ ወንበሮች ብዙ አልቆይም። ከ2012 ጀምሮ በግዛቲቱ ለኮንግረስም ለአገረ ገዥም የሚወዳደሩ ሁሉ ፓርቲ ሳይለይ በአንድ ወረቀት ይቀርባሉ፤ በቅድመ ምርጫው አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ብቻ ወደ ኖቬምበር ያልፋሉ። ሕዝቡ ራሱ በ2010 ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሕግ ነው። ውጤቱ ግን ትንንሾቹን ፓርቲዎች ከኖቬምበሩ ወረቀት ጠራርጎ ማውጣት ሆነ። በ2016 ለሴኔት በመጨረሻው ቀን የተፋጠጡት ካማላ ሃሪስና ሎሬታ ሳንቼዝ ሁለቱም ዲሞክራቶች ነበሩ። መራጩ አማራጭ አልጠፋበትም፤ ከአንድ ቤት ሁለት አማራጭ ቀረበለት። ሕጉ አንድ ቀዳዳ አለው፤ በወረቀቱ ላይ የታተመው ስም አንድ ብቻ ሲሆን በእጅ ተጽፎ ሁለተኛ የወጣ ሰው ያልፋል። በ2018 ኦክላንድ አካባቢ የግሪን ፓርቲዋ ሎራ ዌልስ በዚህ ቀዳዳ ሾልካ ለኮንግረስ ወንበር ዲሞክራቷን ባርባራ ሊን እስከ ኖቬምበር ገጥማታለች። ሁለተኛ ለመውጣት ዋናው ነገር ሦስተኛ አለመኖሩ ነው።

የፓርቲው ማኅተም የማን ነው በሚለው ጉዳይ ላይ ግን ጥቂት መቆየት አለብኝ። በ2008 ይኸው ፓርቲ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን ቻክ ባልድዊንን ለፕሬዝዳንት አለ፣ ሌላው አለን ኪስን። ሁለት ጉባኤ ተካሄደ፣ ሁለት ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ ሁለቱም እውነተኛው እኔ ነኝ አሉ። የግዛቲቱን ምርጫ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ከሁለቱ አንዱን ሊቀ መንበር ብሎ ተቀበለ፤ ያልተቀበሉት ወገን ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልቀናውም። በወረቀቱ ላይ የኪስ ስም ወጣ።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ ፈገግ ሲል ይታየኛል። ምን ያስፈግጋል? በአንድ ስም ሁለት ፓርቲ ሲመጣ መሥሪያ ቤቱ ለአንዱ መስጠቱ ግድ ነው። የትኛው ብዙ ሰው እንዳለው፣ የትኛው ከመንግሥት ጋር ሰላም እንደሆነ፣ የትኛው ወንበር ላይ ጸጥ ብሎ እንደሚቀመጥ የካሊፎርኒያ መሥሪያ ቤት ያገናዘበ አይመስለኝም። ካላገናዘበ ደግሞ በምን ለየ? ይህን እንኳን እኔ እነሱም ላያውቁት ይችላሉ።

የሚገርመው በ2019 የተደረገው ነው። አባላቱ ሳያውቁ ይገባሉ የሚለው ክስ ሲበዛ የግዛቲቱ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ፤ ማንም ፓርቲ በስሙ ውስጥ «ኢንዲፔንደንት» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም የሚከለክል። ፊርማ ብቻ ቀረው። አገረ ገዥው ጋቪን ኒውሰም ግን አልፈርምም አለ፤ የመደራጀት ነጻነትን ይነካል የሚል ስጋት አድሮበት። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው የዲሞክራት ፓርቲ ነው፤ በምክር ቤቱም ብዙዎቹ የእሱ ወገን ናቸው። የአንድ ትንሽ፣ አብዛኛው አባሉ የማያውቀው ፓርቲ ስም በአንዲት ፊርማ መንጠቅ ይችል ነበር። አልነጠቀም። እንዲህ ያለ ገዥ ሥልጣን የገባው አይመስልም።

እና ፓርቲው ስሙን እንደያዘ ቀጠለ። በ2020 እጩው ሮኪ ዴ ላ ፉዌንቴ ሆነ፤ ለምክትልነት ደግሞ ራፐሩን ካንዬ ዌስትን ከጎኑ አስቀመጠለት። ካንዬ በዚያው ዓመት በሌሎች ግዛቶች ራሱ ለፕሬዝዳንትነት ይወዳደር ነበር። በአንድ ጊዜ እዚያ አለቃ እዚህ ምክትል መሆን የሚችል ሰው ማግኘት ለማንኛውም ድርጅት ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ድርብ ሹመት እኛም ዘንድ አዲስ አይደለም አሉ፣ እኔ አላየሁም። በ2024 ኬኔዲ በኦገስት ዘመቻውን አቁሞ ትራምፕን ደገፈ፤ ስሙ ግን ከካሊፎርኒያ ወረቀት አልወረደም ነበርና ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ ተቆጠረለት። እጩ ሳይኖር ድምፅ ገባ፤ አባል ሳያውቅ እንደገባው።

ሕጉ ደግሞ ለእንዲህ ያለው ፓርቲ የልብ ወዳጅ ነው። በካሊፎርኒያ አንድ ፓርቲ ሕጋዊ ሆኖ ለመቆየት ከጠቅላላው ተመዝጋቢ የአንድ በመቶውን ሲሶ ያህል በአባልነት መያዝ ይበቃዋል። ያወቀም ያላወቀም እኩል ይቆጠራል። ፓርቲውን በሕይወት የሚያቆዩት ድምፅ የማይሰጡት ጋሼ ናቸው። ሳይመርጡት ያኖሩታል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አጠራቅሜ ባለፈው ለጋሼ ደወልሁላቸው። አባልነታቸውን አስተካክለው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ቅጹን አምጥታላቸው ነበር፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም።

«ተውኩት» አሉ።

«ምነው ጋሼ?»

«እስቲ አስበው ልጄ። ይህ ፓርቲ ስብሰባ አይጠራኝም። ከደሞዜ መዋጮ አይቆርጥብኝም። መሪው ሲናገር አጨብጭብ አይለኝም። ግምገማ ብሎ ከጎረቤቴ ፊት አያስለቅሰኝም። ጎረቤቴንም እንድጠብቅለት አይፈልግም። ልጄ ሥራ ስታመለክት የአባል ልጅ ነሽ ወይ አላላትም። እኔ በዕድሜዬ ስንት ፓርቲ አይቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ከዚህ ወጥቼ ወዴት ልግባ?»

እውነታቸውን መሰለኝ፤ ዝም አልሁ።

«እናንተስ?» አሉኝ ቀጥለው። «እዚያ እንዴት ነው? አሁን ሰው አባል የሚሆነው አውቆ ነው?»

መስመሩ ዛሬ ጥሩ አይደለም፣ ይቆራረጣል አልኋቸው። እሳቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል አሉ። እኔ ግን አልሰማም አልሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ዘንድሮ ክረምቱ በጊዜው እንደገባ፣ ገበሬው ደስ እንዳለው፣ ጤፉም ከአምናው ይሻላል እየተባለ እንደሆነ ነገርኋቸው።

«ገብቶኛል» አሉ ጋሼ።